ኅዳር ሚካኤል በቬኒስ

ቬኒስ መቼ ቢኬድ ይሻላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ኅዳር 12። ሰው ይስቃል። ኅዳር በሰሜን ጣሊያን የጭጋግና የዝናብ ወር ነው፤ ባልና ሚስት የሚያምርባቸው ጉዞ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው ይባላል። እኔ ግን የጋብቻችንን በዓል ምክንያት አድርጌ ባለቤቴን የወሰድኩት በዚያው በብርዱ ነው። ቀኑን የመረጥኩት፣ ከሚላኖ የባቡር ትኬት የቆረጥኩት፣ የት እንደምንበላ አስቀድሜ ያጠናሁት እኔ ነኝ። እርሱ የባሕር ዳር ልጅ ነውና «ውሃ ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ሰው ዛሬ አየሁ» እያለ ነበር ባቡሩ ላይ የተቀመጠው።

ቀኑን ያለ ምክንያት አልመረጥኩም። ኅዳር 12 ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ላይ ይውላል። ያ ቀን ቬኒስ የሳሉቴን በዓል የምታከብርበት ነው። በ1630 የገባው ቸነፈር የከተማዋን ሕዝብ ሲሶ ያህል ፈጅቶ ነበር። መንግሥታቸው መቅሰፍቱ ቢቆም ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንሠራለን ብሎ ተሳለ፤ ቸነፈሩም ቆመ። በታላቁ ቦይ አፍ ላይ የቆመው ባለ ትልቅ ጉልላቱ የሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን የዚያ ስለት ፍሬ ነው። እኛስ? ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ባዶ ካስቀራት የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ አይደለምን? አንዱ ከተማ በጧፍ ሌላው በጭስ፣ በአንድ ቀን ስለ ወረርሽኝ ያስባሉ። የሁለቱን አገር ካላንደር ጎን ለጎን ይዤ ይህን ካየሁ በኋላ ሌላ ቀን ለመምረጥ ልቤ እምቢ አለ።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ማደሪያው ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ብዙ ሰው ከባሕሩ ወዲህ፣ በየብሱ ላይ ባለችው በሜስትሬ ያድራል፤ ጠዋት በባቡር ገብቶ ማታ ይወጣል። በዚህ አልስማማም፤ አጥብቄም እከራከራለሁ። በቬኒስ ደሴቶች የሚኖረው ሕዝብ ዛሬ ከ50 ሺህ በታች ወርዷል። ቀን ቀን መንገዱን የሚሞላው ለጥቂት ሰዓት የመጣ እንግዳ ነው፤ አመሻሹ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ባቡሩና ወደ አውቶቡሱ ይጎርፍና ከተማዋ ትለቀቃለች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ካናሬጆ በሚባለው ሰፈር የቦይ ዳር መንገዶች ላይ ስንራመድ ከራሳችን ኮቴ በቀር የምንሰማው የጀልባ ገመድ ሲንቋቋ ብቻ ነበር። ለባልና ለሚስት የሚሆነው ሰዓት ይህ ነው፤ በሜስትሬ ያደረ ሰው ግን ይህን ሰዓት በባቡር ጣቢያ ወረፋ ያሳልፈዋል። ደግሞም በኅዳር የሆቴል ዋጋ ስለሚወርድ በየብስ የምታድርበት ገንዘብ ላይ ትንሽ ብትጨምር ደሴቱ ላይ አልጋ ታገኛለህ።

ሻንጣ አታብዙ። ከተማዋ ከመቶ በላይ ትናንሽ ደሴቶች ከ400 በሚበልጡ ድልድዮች የተያያዙባት ናት፤ ድልድዮቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም ደረጃ አላቸው። መኪናም ሆነ ብስክሌት የለም። አድራሻውም ለብቻው ፈተና ነው። የቤት ቁጥር የሚቆጠረው በመንገድ ሳይሆን በክፍለ ከተማ ነው፤ ክፍለ ከተሞቹ ስድስት ሲሆኑ ቁጥሩ በየአንዳንዳቸው ሺዎች ይደርሳል። ስለዚህ ሆቴሉን የቤት ቁጥር ሳይሆን «በአቅራቢያችሁ ያለው ድልድይ ስሙ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ይህች ጥያቄ ከስልክ ካርታው ይልቅ ጠቅማናለች።

ጎንዶላ አልተሳፈርንም። የተወሰነው ዋጋ ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ 110 ዩሮ ነው። ዋጋው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለምና እስከ አምስት ሆነው ለሚካፈሉት ክፉ አይደለም፤ ለሁለት ሰው ግን አንድ ጥሩ እራት ከነወይኑ ነው። ይልቅስ ድልድይ በራቀበት ቦታ ሰውን ከታላቁ ቦይ ወዲህና ወዲያ የሚያሻግር ትራጌቶ የሚባል ጀልባ አለ። ጎንዶላው ያው ነው፤ ጌጡ ተገፎለታል፤ ሁለት ቀዛፊዎች አሉት፤ ለእንግዳ 2 ዩሮ ነው። መሻገሩ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ባለቤቴ ቀዛፊዎቹን በትኩረት ሲመለከት ቆይቶ «ታንኳ የሚነዱትስ ያውቁበታል» አለ። ከእርሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። በተረፈ የሕዝቡ መጓጓዣ ቫፖሬቶ የሚባለው ትልቅ የሞተር ጀልባ ነው። አንዱ ጉዞ 9.50 ዩሮ ስለሆነ ደጋግሞ ለሚሳፈር የቀናት ትኬት ይሻላል። 1 ቁጥር በባቡር ጣቢያው በኩል አልፎ ታላቁን ቦይ ከዳር እስከ ዳር ያሳያል፤ ወደ ማታ፣ በቤተ መንግሥቶቹ ውስጥ መብራት ሲበራ ተሳፈሩበት።

በበዓሉ ዕለት ማለዳ ተነሣን። ለዚህ በዓል ሲባል በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት በታላቁ ቦይ ላይ ተንሳፋፊ ድልድይ ይዘረጋል፤ ሕዝቡ በእርሱ ተሻግሮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። ቱሪስት አልነበረም ማለት አልችልም፤ ነገር ግን አብዛኛው ልጆቹን ያስከተለ፣ አያቱን የደገፈ የከተማው ሰው ነበር። ቬኒሳውያን በገዛ ከተማቸው ከእንግዳው በልጠው ሲታዩ ያየሁት ያን ቀን ነው። በደጁ ጧፍ ገዛን። ውስጥ ጧፉን የሚቀበሉና የሚያበሩ ሰዎች ቆመዋል። ባለቤቴ አልሰጥም አለ። «ራሴ ካላበራሁት ምኑን ስለት ሆነ?» ከኋላችን የቆሙ አንዲት አዛውንት የምን ክርክር እንደሆነ ገብቷቸው ሳቁና የእርሳቸውን አስቀድመው ሰጡ፤ እርሱም አፍሮ ተከተላቸው። በመንበሩ ላይ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ከቀርጤስ ደሴት የመጣች የባይዛንታይን ሥዕል ናት። ጠቆር ያለች፣ ልጇን ያቀፈች፣ እናቶቻችን ከሚሳለሟት እምብዛም የማትለይ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ አገራችን ገብቶ ለአብያተ ክርስቲያናት ሲሥል እንደኖረ ሳስብ መመሳሰሉ ብዙም አልገረመኝም።

ከዚያ ወደ ምግቡ። የዕለቱ ምግብ ካስትራዲና ይባላል። ጨው ተነስንሶበት፣ ተጥኖና ደርቆ የቆየ የሙክት ሥጋ ከጥቅል ጎመን ጋር ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የሚቀርብ ሾርባ ነው። ሲመጣ ሽታው የእናቴን የቋንጣ ገመድ አስታወሰኝ። ምግቡ የሚሠራው ለዚህ በዓል ሰሞን ስለሆነ የሚያቀርቡት ምግብ ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ እኔም ከሚላኖ ደውዬ ነበር። በዓሉ ሐሙስ መዋሉም በጀን። ዓርብ ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ ማሰሮውን እያየ ውሃ ይጠጣ ነበር።

ዓርብ በማግስቱ መጣና የጾሙ ነገር ተነሣ። ይህን ለእንደ እኛ ላሉት በዝርዝር ልጻፈው፤ ጣሊያንኛውም ፈረንጅኛውም የጉዞ መጽሐፍ አይነግራችሁምና። የቬኒስ ወጥ ቤት ባሕር ነው፤ ዓሣ በጾም የማይበላ ሰው ግን አይራብም። ኅዳር ከትሬቪዞ የሚመጣው መራራ ቀይ ቅጠል፣ ራዲኪዮ፣ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ በዘይት ተጠብሶ ከበቆሎ ገንፎ ጋር፣ ማለትም ከፖሌንታ ጋር ሲቀርብ ሌላ አያስመኝም። አርቲቾክ የሚባለው አትክልት እምቡጥ ታችኛው ክፍል በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ይሠራል። «ሴንዛ ቡሮ፣ ሴንዛ ፎርማጆ» ማለት ይበቃል፤ ቅቤና አይብ ይቀርላችኋል። የባቄላ ሾርባውን ግን ሳትጠይቁ አትዘዙ፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ አለበት። በፍስክም ቢሆን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር የማይበላ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ታዋቂው ጥቁር ሩዝ በስኩዊድ መሰል ፍጥረት ቀለም የጠቆረ ነው፤ ባለቤቴ ሳህኑን ሲያይ «ይህን የሠራው ሰው ቂም አለበት» ብሎ ወደ እኔ ገፋው። እኔ በላሁት። ጥሩ ነው።

ያን ቀን ጠዋት የሄድነው ወደ ቅዱስ ማርቆስ ነበር። ለእኛ ይህ ቤተ ክርስቲያን የወርቅ ሞዛይክ ብቻ አይደለም። ቬኒሳውያን ነጋዴዎች በ828 የወንጌላዊውን ዐፅም ከእስክንድርያ ሰርቀው፣ ጠባቂዎቹ እንዳይነኩት በአሳማ ሥጋ ሸፍነው እንዳመጡት ይተረካል፤ እነርሱም ሳያፍሩ ታሪኩን በሞዛይክ ሥለውታል። ሊቀ ጳጳሶቻችን እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ከዚያው ከማርቆስ መንበር ሲላኩልን የኖርን ሰዎች ነን። በፈረንጆቹ 1968 ከዐፅሙ ጥቂቱ ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስና የካይሮው ካቴድራል ሲመረቅ አፄ ኃይለ ሥላሴም በቦታው ነበሩ። ባለቤቴ በመንበሩ ፊት ብዙ ቆመ። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ጠበቅኩት።

ከአደባባዩ ማዶ ባለው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ የፍራ ማውሮ ካርታ አለ። በ1450 አካባቢ በቬኒስ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚኖር መነኩሴ የሠራው፣ ወርዱም ቁመቱም ከሁለት ሜትር የሚበልጥ የዓለም ካርታ ነው። ደቡብ ወደ ላይ ስለሆነ አፍሪካ ከላይ ነው፤ ኢትዮጵያም ራስጌው አካባቢ ሰፊ ቦታ ይዛለች፤ ወንዙ፣ ተራራው፣ የየአገሩ ስም ተጽፎባታል። መነኩሴው ይህን ያገኘው በዚያ ከተወለዱ፣ አውራጃዎቹንና ወንዞቹን በእጃቸው ከሣሉለት መነኮሳት እንደሆነ ራሱ በካርታው ላይ ጽፏል። እነዚያ መነኮሳት ስማቸው አልተጻፈም። የጥንቱ የቬኒስ መሪዎች መኖሪያ ከነበረው ከዱካሌው ቤተ መንግሥት ወረፋ ይልቅ እዚህ አንድ ሰዓት ቁሙ ብዬ እመክራለሁ፤ ቤተ መንግሥቱ ውብ ነው፣ ነገር ግን ሥዕል ሲበዛ ዓይን ይዝላል።

ቅዳሜ ጠዋት የሪያልቶ ገበያ። የዓሣው ክፍል እሑድና ሰኞ አይሠራም፤ ሥራው በማለዳ ነው። በ1591 ተሠርቶ ያለቀው የሪያልቶ ድልድይ ላይ ፎቶ ለመነሣት የሚጋፋውን ሕዝብ ትታችሁ ወደ ኋላው ጠባብ መንገድ ግቡ፤ ባካሮ የሚባሉት ትናንሽ መጠጥ ቤቶች እዚያ ናቸው። አንዱ፣ ካንቲና ዶ ሞሪ፣ ከ1462 ጀምሮ እንዳለ ይነገርለታል። ወንበር የለም፤ ተቁሞ ነው የሚበላው። በመስታወቱ ውስጥ ቺኬቲ የሚባሉት ጉርሻ የሚያህሉ ምግቦች ተደርድረዋል። የደረቀ ኮድ ዓሣ በዘይት ተመትቶ እንደ ክሬም የሆነው፣ ሰርዲን በሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በዘቢብ ተዘፍዝፎ የከረመው፤ ሁለቱም ቅርፊት አላቸው፣ ሁለቱም ለባለቤቴ ተፈቀዱ። ኮዱ ወደ ቬኒስ የገባው ኩዌሪኒ የተባለ ነጋዴ መርከቡ ተሰብሮበት በ1432 ኖርዌይ ዳርቻ ደሴት ላይ ከወደቀ በኋላ ነው ይላሉ። አንዱ ጋ ሁለት ቺኬቲ፣ በትንሽ ብርጭቆ ወይን፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ከምሳም በላይ ጠገብን፤ ያወጣነውም በአደባባዩ ዙሪያ ካሉት ምግብ ቤቶች ለመቀመጫ ብቻ ከሚጠየቀው ብዙ አይርቅም፤ ትንሽ አጋንኜ ይሆናል።

ቡናን በተመለከተ፣ በአደባባዩ ላይ ከ1720 ጀምሮ ያለው ካፌ ፍሎሪያን ያምራል፤ ግን ተቀምጦ ለሚጠጣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሙዚቃ ሲኖር ደግሞ የሙዚቃው ይጨመራል። «የእኛው ቡና፣ የእነርሱ ቫዮሊን» አለ ባለቤቴ፤ አልፈነው ሄድን። ጎረቤት ባለ ተራ ባር ቆሞ የሚጠጣ ኤስፕሬሶ ከሁለት ዩሮ አይበልጥም።

ቡራኖ ወደምትባለው ደሴትም ሄደናል። ባለ ቀለም ቤቶቿ ፎቶ ላይ እንደሚታዩት ናቸው፤ ጀልባው ከፎንዳሜንቴ ኖቬ ተነስቶ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጊዜ ያነሰው ቢተዋት አይቆጭም። የኅዳሩ የባሕር ሙላት የሚያስፈራው ሰው ካለ፣ በፈረንጆቹ 2019 ውሃው 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን ክፉኛ ጎድቷት ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ግን ሞዜ የተባለው የብረት መዝጊያ ትልቁን ሙላት በር ላይ ያስቆመዋል። ውሃ የማያስገባ ጫማ ግን ያዙ፤ ዝናቡን የሚዘጋ በር የለም። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባሉት ወራት በተመረጡ ቀናት ውሎ ለሚመለስ እንግዳ የተጣለው የመግቢያ ክፍያ በኅዳር አይመለከታችሁም።

ባለቤቴ አሁን በሚያዝያ እንመለስ ይላል፤ በሳንት ኤራስሞ ደሴት የሚበቅለው የመጀመሪያው ለጋ አርቲቾክ የሚደርሰው ያኔ ነው ብለው ገበያ ላይ ነግረውታል። እኔ ፋሲካው መቼ እንደሚውል ካላየሁ ትኬት አልቆርጥም።