የሚንተባተበው ካርድ፦ ሳውንድ ብላስተር 16 በዶስ

ባለፈው ከምናለሽ ተራ ገዛሁት ያልኳችሁ የድሮ የድምፅ ካርድ፣ ሳውንድ ብላስተር 16፣ በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሲስተም) ላይ በሦስተኛው ቅዳሜ አፉን ፈታ።

ሞዴሉ ሲቲ2940 ነው፤ አይኤስኤ በሚባለው የድሮ ማዘርቦርድ ስሎት ላይ የሚሰካ። ሳውንድ ብላስተር 16 መጀመሪያ የወጣው በ1992 እ.ኤ.አ. ቢሆንም የእኔው ኋላ የመጣው፣ ጃምፐር (ካርዱ ላይ በእጅ የምትሰካ ትንሽ ማገናኛ) ሳይነካ የሚሠራበትን መስመር ቁጥር በሶፍትዌር የሚቀበለው ዓይነት ነው። ነጋዴው የሸጠልኝ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ሲዲ የለው፣ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) የለው። ድራይቨሩን በላፕቶፕ አውርጄ በፍሎፒ አሻገርኩት። ከአምስቱ ፍሎፒ የተነበቡልኝ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የካርዱን ጥርሶች በላጲስ ጠረግኩ። ስፒከሩን ማይክ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቼም አንድ ሙሉ ምሽት «ሞቷል» ስል ነበር (የቀዳዳዎቹ ምልክት ብረቱ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ባትሪ ካላበሩበት አይታይም)።

ዋናው ጣጣ ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ጌም ስከፍት ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይሰማል። ሰው ሲናገር ግን ያችኑ ቁራጭ ድምፅ ይደጋግማታል፤ «ዌል-ዌል-ዌል-ዌል»፣ ከዚያ ማሽኑ ድርቅ። ካርዱን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ያዳነው ሙዚቃው ነው። ሙዚቃውና ንግግሩ በአንድ መንገድ አይመጡማ! ሙዚቃውን የሚያመነጨው የያማሃው ኦፒኤል3 ቺፕ በ388 አድራሻ በቀጥታ ይታዘዛል፤ ኢንተራፕትም (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ባለቁጥር መስመር) ዲኤምኤም (ፕሮሰሰሩ ሳይገባበት ከሜሞሪ ዳታ የሚያመላልስ መንገድ) አይፈልግም። ንግግሩ ግን ከሜሞሪ በዲኤምኤ ነው የሚጎርፈው። ካርዱ የያዘውን ቁራጭ ሲጨርስ በኢንተራፕት «ቀጣዩን አምጡ» ይላል። ጌሙ በሌላ የኢንተራፕት መስመር ላይ ጆሮውን ከጣለ ጥሪውን የሚሰማ የለም፤ ዲኤምኤው ያንኑ ቁራጭ ደግሞ ደጋግሞ ይዞረዋል። መንተባተቡ ይሄው ነው።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ8 ተጭኜ የማስነሻ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ አስኬድኩት። ሲቲሲኤም (የካርዱን ቁጥሮች የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ለካርዱ የሰጠውን ስክሪኑ ላይ ጻፈ፦ ኢንተራፕት 5። ዶስ ሲነሳ የሚያነበው አውቶኤግዜክ ፋይል ውስጥ፣ ለጌሞቹ የካርዱን ቁጥሮች የሚነግረው የእኔ የብላስተር ትእዛዝ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ኤ220 አይ7 ዲ1 ኤች5 ቲ6። አይ7 ማለት ኢንተራፕት 7 ነው። ያቺን 7 ከድሮ ማስታወሻዬ ሳላይ ገልብጫት ነው። 7 የቀደሙት ካርዶች የተለመደ መስመር ነበር፤ የፕሪንተሩም እሱው ነው። የማማርረው ሰው ፈልጌ አጣሁ። 7ን በ5 ቀይሬ ሪስታርት አደረግኩ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ። እናቴ ከመኝታ ቤት «ማነው ደግሞ በዚህ ሰዓት የመጣው?» አለች።

አሁን የቀረኝ ሲዲ ድራይቩ ነው። የሱ ድራይቨር የዶስ ፕሮግራሞች ከሚሠሩባት ከ640 ኪሎባይቷ ሜሞሪ ላይ እየቆረሰ አንዳንዱ ጌም «ሜሞሪ አነሰኝ» ማለት ጀምሯል። ድራይቨሮቹን ከ640ዋ በላይ ወዳለው ላይኛው ሜሞሪ ያወጣችሁ ካላችሁ፣ ድራይቨሮቹን የሚጭነውን ኮንፊግ ፋይላችሁን እስቲ አሳዩኝ።