ከሕንጻችን ጀርባ ያሉት ድመቶች፦ የሰባት ወር የማጥመድ ልምዴ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምኖርበት የአፓርታማ ሕንጻ ጀርባ የተጠለሉትን ባለቤት አልባ ድመቶች በበጎ ፈቃደኝነት እያጠመድኩ ማስመከን ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ከቆጠርኳቸው 11 ድመቶች 8ቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ተከትበው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ሥራውን ለመጀመር ለምታስቡ ላካፍላችሁ የምፈልገው፣ ከወጥመዱ አያያዝ ይልቅ ያስቸገረኝ የድመቶቹ የምግብ ሰዓት መሆኑን ነው።

አሠራሩ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። አሊ ካት አላይስ የተባለው ድርጅት በ1990 የተመሠረተው፣ ሉዊዝ ሆልተንና ቤኪ ሮቢንሰን በዋሽንግተን ዲሲ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ የሚኖሩ 54 ድመቶችን ካገኙ በኋላ ነው፤ ይህ ሰፈር ብዙዎቻችን በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶቹ የምናውቀው ነው። ድመቶችን ከአንድ ቦታ ጠራርጎ ማንሳት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ምግብና መጠለያ እስካለ ድረስ ሌሎች መጥተው ይተካሉና። ሴቷ ገና በአራት ወሯ ልታረግዝ የምትችል፣ እርግዝናዋም ሁለት ወር ገደማ ብቻ የሚቆይ በመሆኑ ደግሞ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ከሸፈብኝ። በሽቦው ወጥመድ ጫፍ ቱና አስቀምጬ ብጠብቅም፣ ድመቶቹ አሽትተው ያልፉ ነበር። ምክንያቱ በኋላ ተገለጠልኝ፤ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት በየቀኑ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትራፊ ወጥና ሥጋ ያወጡላቸው ነበር። ምግቡን ለአንድ ቀን እንዲያቆሙልኝ ስለምናቸው፣ «ልጄ፣ የተራበ እያየሁ እንዴት እችላለሁ? ደግሞስ ጆሯቸውን መቁረጥ ምን የሚሉት ነው?» አሉኝ። የግራ ጆሮ ጫፍ የሚቆረጠው ድመቷ በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች እንደሆነ፣ ምልክቱም ከሩቅ ስለሚታይ ለሁለተኛ ጊዜ ተይዛ በከንቱ እንዳትንገላታ እንደሚጠቅም አስረዳኋቸው፤ አልተዋጠላቸውም። ያሳመናቸው የእኔ ማብራሪያ ሳይሆን አንዲት ግራጫ እናት ድመት ናት። ያለፉትን ግልገሎቿን አሳድጋ ሳትጨርስ ሆዷ እንደገና መግፋቱን ባዩ ጊዜ፣ «እማማ፣ ይቺ መቼ ነው ከአራስ ቤት የምትወጣው?» ብላቸው ዝም አሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም እንደሚጎዳ ስነግራቸው ደግሞ ወጡን ትተው ደረቅ የድመት ምግብ መግዛት ጀመሩ። ዛሬ ማን እንደጎደለ፣ ማን እንዳነከሰ የምሰማው ከእርሳቸው ነው።

ጥፋቴንም ልናገር። አንድ ምሽት ወጥመዱን አጥምጄ ቡና ልጠጣ ገባሁና ስመለስ ራኩን የተባለ የዱር እንስሳ ተቆጥቶ ገብቶበት አገኘሁ፤ ከኋላ ቆሜ በሩን በረጅም እንጨት እስክከፍትለት ድረስ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ወዲህ ወጥመዱ ከዓይኔ ርቆ አያውቅም። ድመት እንደገባችም ወዲያውኑ በወፍራም ጨርቅ እሸፍናለሁ፤ ሲጨልምባት ትረጋጋለችና ራሷን ከሽቦው ጋር አታጋጭም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወንዶቹን አንድ ሌሊት፣ ሴቶቹን ሁለት ሌሊት በሞቀ ክፍል አቆያለሁ፤ ማደንዘዣው እስኪለቃቸው ድረስ የሰውነታቸውን ሙቀት በአግባቡ መጠበቅ አይችሉም። የምታጠባ ከሆነች ግን ግልገሎቿ ስለሚጠብቋት በደንብ መንቃቷን አይቼ በማግስቱ እመልሳታለሁ።

ከቀሩት ሦስቱ ያስቸገረችኝ አንዲት ቡራቡሬ አሮጊት ናት። ሁለት ጓደኞቿ ሲያዙ በዓይኗ ስላየች፣ ምግብ ሳታገኝ ብትውልም ወደ ሽቦው ሳጥን ዝር አትልም። ለእርሷ ከሌላ በጎ ፈቃደኛ የተዋስኩት ከላይ የሚወድቅ ወጥመድ ነው፤ በልጅነታችን እንቅብ በእንጨት ደግፈን፣ ከሥሩ እህል በትነን፣ ገመድ ስበን ወፍ ከምንይዝበት ዘዴ በምንም አይለይም። የክሊኒኩ ቀጠሮ ዓርብ ጠዋት ነው። እማማ ረቡዕ ማታ ምግብ እንደማያወጡ ቃል ገብተውልኛል፤ ሐሙስ ማታ ገመዱን ይዤ ከመኪናዬ ኋላ እቀመጣለሁ።