የቮልሷን ሞተር ሁለቴ የሠራሁበት ምክንያት

አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳት ቮልስ የተሸጠችው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል፣ ባለ 1300 ሲሲ ሞተር፣ ክሬም ቀለም። አባቴ ካረፈ በኋላ በአንድ አሥረኛ መጠን ልሠራት ወሰንኩ። የኋላ ኮፈኗ ሲከፈት ሞተሯ ከነካንዴላ ገመዱ መታየት ነበረበት፤ ያለዚያ እሷ አትሆንም። ሥራው አሥራ አራት ወር ፈጀ። ከዚህ ውስጥ አምስቱ ወር ውሃ የበላው ነው። የምጽፈውም ስለ አምስቱ ወር ነው፤ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ አንድም ቀን ባላባከንኩ ነበር።

አካሉ ብዙ አላስቸገረኝም። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2400 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 24 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ወርዷ 15.4፣ ርዝመቷ 40.7። ቅርጹን ከዋንዛ ጠረብኩ፣ ፋይበርግላስ አለበስኩበት፣ ስቱኮ ቀባሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ቀለም ነፋሁ። ቸርኬዎቹን ቶርኖ ቤት አስወጣሁ። ይኸው ነው።

ሞተሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። በዚህ ሥራ ሰውን ቶሎ የሚያጋልጠው የዕቃ ውፍረት ነው። ሞተሩን በነፋስ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ፣ ማለትም የቬንቲላቶሩ ሽፋን የተሠራበት ላሜራ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት አለው፤ ስለዚህ በአንድ አሥረኛ 0.1 መሆን አለበት። የለስላሳ ቆርቆሮ ልኩ ያው ነው። በመቀስ ይቆረጣል፣ በማንኪያ ጀርባ ይቀረጻል። ስታኞ፣ ያ እየቀለጠ ብረት የሚያያይዘው፣ ስለማይዘው ግን በሁለት ድብልቅ ማጣበቂያ ነው የሚገጠመው። ስታኞ የሚፈልገውን ክፍል ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ቁረጡ።

የካንዴላ ገመድ 7 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር 0.7 ሽቦ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች ሲጠቀም አያለሁ፤ ከነላስቲካቸው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጉ ሞተሩን የውሃ ቱቦ የዞረበት ያስመስሉታል። ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ጋ ሂዱና ባለ 0.7 ቫርኒሽ መዳብ ጠይቁ። አንድ ሜትር በነፃ ይሰጧችኋል። የቬንቲላቶሩን ቺንጊያ፣ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ በምላጭ ሰንጥቄ አወጣሁት፤ ከአሥራ አንድ ሙከራ አንዱ ተሳካ።

ሲሊንደሮቹ ላይ ሦስት ሳምንት አጥፍቻለሁ። ቮልስ ውሃ የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያውን ቀጫጭን ክንፎች አሉት። ቀጭን ሽቦ በዘንግ ላይ እየጠመጠምኩ፣ በየዙሩ መሃል ክር እያስገባሁ፣ በኋላ ክሩን እየመዘዝኩ አራቱንም ሠራኋቸው። ላሜራው ሲለብሳቸው አንዱም አይታይም። የሚታየውን ብቻ ሥሩ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እነዚያን ክንፎች የጠመጠመ እጅ ሽፋኑ ለምን እንዲያ ሰፊ እንደሆነ ያውቃል፣ አሳንሶም አይሠራውም።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ።

የቮልስ ሞተር ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ችግሩ መብዛቱ ራሱ ነው። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመርታለች፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ናት። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የመጡት ባለ 1600 ሞተሮች ላይ ከካርቡራቶሩ ወደ እያንዳንዱ የሲሊንደር ራስ የሚገባው ቱቦ ጫፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የአባቴ ግን በየጎኑ አንድ ወጥ ቱቦ ነበራት። ከአሥር ፎቶ ዘጠኙ ባለ ሁለቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አሁንም የሚሄዱት ቮልሶችም ብዙዎቹ ሞተራቸው ተቀይሯል። ስለዚህ ያልተነካካ የ1966 ሞተር ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ወዳጄ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ከተሽከርካሪ ክምችት መሃል እንዳለች ነገረኝ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ጥበቃው ንብረት ክፍል ላከኝ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ "ከየት መሥሪያ ቤት ነው የመጣኸው?" አለኝ። ከቤቴ ነው የመጣሁት። "ደብዳቤ ያስፈልጋል።" ማን ይጻፍልኝ? "የሚመለከተው አካል።" አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ራሴ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ አስመራሁበት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈቀደልኝ። ግቢው ውስጥ ገብቼ ማስመሪያና ካሊፐር ስዘረጋ ከእኔ ጋር የተመደበው ሠራተኛ እጄን ያዘ። "ደብዳቤው ላይ ያለው ፎቶ ማንሳት ነው። መለካት አይልም።" ለመንኩት። ሚሊ ሜትር ብቻ ነው አልኩት። ማስመሪያዬን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "አሥር ደቂቃ አለህ" አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንዲት የሃያ ሳንቲም ማስመሪያ ዝገት ከበላት መኪና ላይ ምን ልትወስድ ነው?

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የራሴ ነው። የቮልስ የሞተር ክፍል ጠባብ ነው፤ ሽፋኑ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይከልላል። ስልኬን ወደ ውስጥ ሳስገባ ምን እያነሳሁ እንደሆነ አይታየኝም። ጊዜው እየሄደ ነው፤ ሰውየው ሰዓቱን ያያል። ስለዚህ ራሳችንን ወደምናነሳበት የፊት ካሜራ ቀየርኩት፣ ስክሪኑ ወደ እኔ ስለሚዞር። በዚያው ካሜራ ከላይም ከታችም ከጎንም አነሳሁ። ከውጭ በኋላ ካሜራ ያነሳኋቸው ሁለት ፎቶዎች ብቻ ነበሩ፤ ፀሐይ ስለመታቸው ጨልመዋል። ማታ ቤት ስገባ ሰረዝኳቸው።

የእኔ ስልክ በፊት ካሜራ ያነሳውን ሁሉ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ስልካችሁን አሁኑኑ ፈትሹ፤ ቅንብሩ ውስጥ የሚጠፋበት ቦታ አለ። እኔ አላወቅሁም። ፊታችንን ስናነሳ ማን ያስተውለዋል?

የቮልስ ሞተር ደግሞ ለዚህ ስህተት የተመቸ ነው። ሁለት ሲሊንደር በግራ፣ ሁለት በቀኝ ተኝተዋል። ከሽፋኑ ግራና ቀኝ አንዳንድ የአየር ቱቦ ይወርዳል፤ ከታች ማርሚታው በሁለት ጭራ ይወጣል። ዲናሞው መሃል ላይ ነው። ሲገለበጥ ዓይን የሚቆጠቁጥ ነገር የለም። ማስመሪያዬ ፎቶው ውስጥ ቢኖር ኖሮ ቁጥሮቹ ተገልብጠው በአንድ አፍታ ይነግሩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሳነሳ "ግራ" እና "ቀኝ" ብዬ የጻፍኩባቸውን ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች ዕቃው ላይ እለጥፋለሁ። መለካት ቢከለከል ወረቀት አይከለከልም።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ማስጠንቀቂያው እጄ ላይ መኖሩ ነው። የጥገና መጽሐፉ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተርና እሳቱን የሚያመነጨው ቦቢና በግራ፣ የዘይት መሙያው በቀኝ እንደሆነ ያሳያል። ከፎቶዎቼ ጋር እንደማይገጥም አይቻለሁ። አይቼ ምን አልኩ? "መጽሐፉ ከፊት ሆኖ ሲታይ ማለቱ ነው" አልኩ። ሞተራቸው ከፊት የሆነ መኪኖች ላይ ኮፈን ከፍተን ስንቆም ፊታችን ወደ ሹፌሩ ነው፤ የእኛ ግራ የመኪናው ቀኝ ይሆናል። ቮልስ ላይ ግን ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የቆመው ሰውም ሹፌሩም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያዩት፣ ግራቸው አንድ ነው። ይህን ቁጭ ብዬ ለሁለት ደቂቃ ባስብ ይገባኝ ነበር። ፎቶ አይዋሽም ብዬ አለፍኩት።

አምስት ወር ሠራሁ። ሲያልቅ በጨርቅ ጠቅልዬ አባቴ መኪናዋን ያሠራባቸው ወደነበሩት መካኒክ ወሰድኩት። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፣ ዛሬም ቮልስ ብቻ ነው የሚነኩት። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ሞተሩን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ብርሃን ዞሩ። ብዙ ቆዩ። የካርቡራቶሩን ክዳን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። እኔ ምስጋና ነበር የምጠብቀው።

"ልጄ፣ ዘይቱን በየት በኩል ነው የምትሞላው?"

"በዚህ ነው ጋሼ" ብዬ በግራ በኩል ያለችውን ክዳን አሳየኋቸው። ክዳኗ 4 ሚሊ ሜትር ናት፤ ጫፏን በሞረድ ለማስተካከል አንድ ማታ ፈጅታብኛለች።

ምንም አላሉም። ክንዴን ይዘው ወደ ግቢው አወጡኝ፣ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ጋ ወሰዱኝ፣ ኮፈኗን ከፈቱ። ቀኝ እጄን ይዘው የዘይቱ ክዳን ላይ አስቀመጡት። እጄ በቀኝ ነበር። ክዳኑ ገና ሙቀት ነበረው። ያኔ ትዝ አለኝ፤ አባቴ ዘይት ሲጨምር ጨርቅ ይዤ የምቆመው በግድግዳው በኩል፣ በቀኝ ነበር። ይህን ትዝታ እየሠራሁም አስቤዋለሁ፣ ልጅ ስለነበርኩ ተሳስቼ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ጋሼ ያን ቀን ከሰዓት ሌላ ሥራ አልሠሩም። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደው ጀርባው ላይ ሳሉልኝ። ቀኝ ፊት 1፣ ቀኝ ኋላ 2፣ ግራ ፊት 3፣ ግራ ኋላ 4። የሚተኩሱበት ተራ 1-4-3-2። የዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ የአንደኛውን ሲሊንደር ቦታ የምታሳይ ጭረት አለች፤ ገመዶቹ ከእሷ ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ ይቆጠራሉ። ቀጥለውም "ሦስተኛው ለምን ቀድሞ ይቃጠላል?" አሉኝ። አላውቅም። "የዘይት ማቀዝቀዣው በግራ በኩል፣ ሽፋኑ ውስጥ፣ በሦስተኛው ላይ ነው የቆመው። ንፋሱን ይጋርደዋል። አንተ በሠራኸው ላይ ግን አንደኛው ነው የሚቃጠለው።"

ይህን አነጋገራቸውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። እኔ ቅርጽ ስገለብጥ ነበር፤ እሳቸው የሚያዩት የሚሠራ ሞተር ነው። ቬንቲላቶሩ የተገጠመው ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቺንጊያው ከተበጠሰ ባትሪም አይሞላም፣ ሞተሩም አይቀዘቅዝም። ይህን የሚያውቅ ሰው ቺንጊያውን ረግቦ አይሠራውም። መጠን ከመቀነሳችሁ በፊት እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሚሠራ አንድ መካኒክ ጠይቁ። ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች መጽሐፍና ፎቶ ይበቃል ይሏችኋል። አይበቃም።

ከመጀመሪያው ሞተር ያዳንኩት ሲሊንደሮቹን፣ ማርሚታውን፣ ሁለቱን የአየር ቱቦዎችና ቺንጊያውን ነው፤ እነዚህ ግራ ቀኝ አይሉም። ሽፋኑ፣ የሞተሩ አካልና የዲናሞው መቆሚያ እንደገና ተሠሩ። ማጣበቂያውን ለማስለቀቅ ስሞክር ሽፋኑ ተቀደደ። ሁለተኛው ሞተር በሰባት ሳምንት አለቀ። በዚህኛው የሞተሩን አካል ብር ቀለም አልቀባሁትም፤ እውነተኛው የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ ፈዛዛ ግራጫ። ገመዶቹንም የሚያብረቀርቅ ጥቁር አላደረግኋቸውም፤ ትንሽ ዕቃ ላይ ብልጭታ ውፍረት ይጨምራል። ፋብሪካው ያላደረገው፣ አባቴ ግን ከካርቡራቶሩ በፊት ያስገባው የፕላስቲክ የቤንዚን ማጣሪያ ነበር፤ እሱንም ሠራሁት። እኔ የሠራሁት የእሱን መኪና ነው፣ የካታሎግ መኪና አይደለም። መጽሐፉን አክብሩ፣ ግን የምትሠሯት መኪና የቱ እንደሆነች አስቀድማችሁ ወስኑ።

ሌላው ምክሬ፣ ሞተሩን አታጣብቁት። እውነተኛው ማርሹ ላይ በአራት ቡሎን ተይዞ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ የእኔም በሁለት መርፌ ተይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ጋሼ ሁለተኛውን ሲያዩ መጀመሪያ የመዘዙት መርፌዎቹን ነው። ገመዶቹን አንድ በአንድ በጥርስ መፋቂያ እየተከተሉ አዩ፤ ከዚያ መልሰው ገጠሙትና ኮፈኗን ዘጉ።

እናቴ ባለፈው እሑድ አይታት የጎደለ ነገር አለ አለችኝ። አባትህ የገበያው በር ላይ ያስመታው፣ የኋላ መከላከያው ጎን ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ ነበረች፤ በግራ በኩል። ወረቀትና እርሳስ አመጣሁና፣ "እማዬ፣ ከኋላ ቆመሽ ስታዪው ነው ወይስ ከፊት?" አልኳት።