ካሽ ለገበሬ ሲሰጥ
ዛሬ ምሳ ላይ ስለ እርዳታ ስንከራከር አንዱ ጓደኛችን «ለድሃ ገበሬ ካሽ ከሰጠኸው ይጠጣበታል እንጂ ምን ይሰራበታል» አለ፣ እንደዚህ ሲባል በጣም ነው የሚከፋኝ። ኬንያ ገጠር ውስጥ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳር ቤት ላላቸው ቤተሰቦች ያለምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ በኤምፔሳ (በሞባይል ገንዘብ መላኪያ) ተልኮላቸው በጥናት ታይቷል እኮ! የመጠጥና የሲጋራ ወጪያቸው አልጨመረም፣ ከብት ገዙ፣ የተሻለ በሉ፣ የሳር ጣራውን በቆርቆሮ ቀየሩ። ቆርቆሮ ደሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሳር ይበሰብሳል፣ ሁሌ መክደኛ ወጪ አለው፣ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ልጆቹን አቅፎ የማያፈስ ጥግ መፈለግ አለ፣ ያ ሁሉ ይቀራል ማለት ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር እዳ ነው። ገበሬው ምርቱን ገና እንደሰበሰበ ዋጋው መሬት ሲነካ የሚሸጠው ሰነፍ ሆኖ ወይ ሂሳብ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም፣ አበዳሪው በር ላይ ስለቆመ ነው፣ ትንሽ ገንዘብ እጁ ላይ ቢኖር ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ልጅ ሲታመምበትም በሬውን አይሸጥም። በርግጥ ድርቅ ሆኖ ገበያው ላይ እህል ከሌለ ካሽ ብቻውን ዋጋ ነው የሚያስወድደው፣ እንደዛ ሲሆን እህሉ ራሱ መሄድ አለበት።