ከአይጦቹ በፊት ከረጢቱ

የአይጦቹ ውጤት የመጣ ዕለት ቤተ ሙከራችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። የማስተርስ ተማሪያችን የሳንባ ነቀርሳውን መድኃኒት ሪፋምፒሲንን፣ ፒኤልጂኤ በሚባል ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ በሚፈርስ ፖሊመር በተሠሩ ናኖ ቅንጣቶች ውስጥ አስገብታዋለች። ከአይጦቹ በፊት የዲያሊሲስ ከረጢት ውስጥ ከትታ ስትለካው መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ይወጣል፤ ግራፉ ሲያዩት ያምራል። አይጦቹ በጅራታቸው ደም ሥር ተወግተው ደማቸው በየጊዜው ሲቀዳ ግን፣ ፕላዝማቸው ውስጥ ያለው መጠን ተራውን መድኃኒት ከወሰዱት እኩል ወረደ።

ሁላችንም ጉበት ላይ ፈረድን። ለመፍረድ ምክንያት አይታጣም፤ ቅንጣት ደም ውስጥ ሲገባ ፕሮቲን ይለጠፍበታል፣ የጉበትና የጣፊያ ህዋሳት ደግሞ እየለቀሙ ይውጡታል። በካንሰር ሕክምናም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ፣ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት እጢው ጋ የሚደርሰው በመካከለኛው ዋጋ (ሚዲያን) ሲታይ 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ «ሰውነት አስቸጋሪ ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር።

የቤተ ሙከራችን ቴክኒሺያን በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ግራፉን ትንሽ ካዩ በኋላ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጉበቱ ቢውጠውማ ደም ውስጥ ያለው ከተራው መድኃኒት በታች ይሆን ነበር እኮ። ለምን እኩል ሆነ?» አሏት።

ዝም አለች።

«ባዶውን መድኃኒት፣ ያለ ቅንጣቱ፣ ከረጢቱ ውስጥ ከተሽው ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ እሱማ ወዲያው ነው የሚወጣው።»

«ማን ለካው?»

በማግስቱ ተለካ። የዲያሊሲስ ከረጢት ማለት ውሃ ውስጥ ተነክሮ የለሰለሰ ቀጭን የሴሉሎስ ቱቦ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ይታሰሩና 37 ዲግሪ ሙቀትና 7.4 ፒኤች ያለው ባፈር፣ ማለትም አሲድነቱ ቶሎ የማይለዋወጥ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ሪፋምፒሲን በአየር እንዳይበላሽ ጥቂት አስኮርቢክ አሲድ ይጨመርበታል። የዚህ መድኃኒት ደግነቱ ቀይ መሆኑ ነው፤ ከማሽኑ በፊት ዓይን ያየዋል። ያን ቀን ያየነው ቀለም ደስ አይልም። ከረጢቱ እስኪወጠር ተሞልቶ ከቢከሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፣ ማማሰያው ማግኔት በስንፍና ይዞራል፣ ቀዩም ከከረጢቱ ሥር ተኝቶ ወደ ላይ አልነሳ ብሏል። ምሳ በልተን ስንመለስ ውስጡ ገና ደማቅ ነው። ማታ በ475 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ የተነበቡትን ቁጥሮች ከድሮው ግራፍ ላይ ስትጥላቸው ሁለቱ መስመሮች ተደራረቡ።

መድኃኒቱ ሁለት በር አለው፤ መጀመሪያ ከቅንጣቱ፣ ቀጥሎ ከከረጢቱ ይወጣል። እኛ ናሙና የምንቀዳው ከሁለተኛው በር ውጭ ነው። ሁለተኛው ከዘገየ የመጀመሪያው ወለል ብሎ ተከፍቶ ቢያድርም አናውቅም። የሪፋምፒሲን ሞለኪውል ክብደት 823 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ስለሆነና ከረጢቱ እስከ 12 ሺህ ዳልተን ገደማ ያለውን ስለሚያሳልፍ፣ ማንም «ሰተት ብሎ ያልፋል» ይላል። ነገሩ ግን በቀዳዳው ስፋት ብቻ አይወሰንም፤ የከረጢቱ ስፋት፣ የማማሰያው ፍጥነት፣ መድኃኒቱ ራሱ ሴሉሎሱ ላይ መለጠፉም አለበት።

ከዚያ ከረጢቱን ትተን ቅንጣቶቹን በቀጥታ ባፈር ውስጥ በተንናቸው፤ በየጊዜው ናሙና እየቀዳን በፈጣን ሴንትሪፉጅ እያዞርን ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ለካን። አብዛኛው መድኃኒት ገና ከመጀመሪያው ወጥቷል፤ ቅንጣቱ ውስጥ ሳይሆን ላዩ ላይ ነበር የተቀመጠው። ይህም ዘዴ እንከን አለበት፣ ሴንትሪፉጁ ሲዞርም መድኃኒቱ መውጣቱን አያቆምም፣ ትንንሾቹ ቅንጣቶችም አይዘቅጡም። ግን ከአይጦቹ ደም ጋር ተስማማ።

እኔን የሚያናድደኝ ግራፉ አይደለም። ሳይንቲስቶቹ ራስልና በርች ለምርምር የሚውሉ እንስሳትን በሌላ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስ፣ ስቃያቸውን ማቅለል ብለው ከጻፉ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው! የእነዚያ አይጦች ደም የነገረንን አንድ ከረጢት ባዶ መድኃኒት ይነግረን ነበር። መድኃኒትን በተሸካሚ ቅንጣት መስጠት የሚሠራ ነገር መሆኑን ለመጠራጠር አይደለም፤ በመተማና በሁመራ ለካላዛር በሽታ የሚሰጠው፣ በስብ ቅንጣት ውስጥ የተቀመጠው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ከተራው ይልቅ ኩላሊትን የሚራራው በተሸካሚው ምክንያት ነው።

ተማሪዋ ቅንጣቱን በአዲስ መልክ ሠርታ፣ የባዶውን መድኃኒት መስመር እዚያው ግራፍ ላይ አድርጋ አመጣች። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና፣ «ሴረም ውስጥስ?» አሉ፤ የደም ፈሳሹን ማለታቸው ነው።

«ታዟል ጋሼ፤ ከውጭ እስኪገባ ነው።»

«እንግዲያው አይጦቹም ይጠብቁ።»