ቀልዱን ከዜናው ለመለየት ስሞክር

የቴሌቪዥን ቀልድ ከፖለቲካና ከዜና ጋር እንዴት እንደሚዋሐድ ለማጥናት «ዘ ኮልበርት ሪፖርት» የተባለውን የአሜሪካ ዝግጅት ስመርጥ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ኮሜዲያኑ ስቴፈን ኮልበርት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2014 በዚህ ዝግጅት የቀረበው በራሱ ስም የሚጠራ፣ ነገር ግን እሱን ያልሆነ፣ ጉረኛና ወግ አጥባቂ ተንታኝ ሆኖ ነው። እኔም ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ አንዱን ዓምድ «ዜና»፣ ሌላውን «ቀልድ» ብዬ እያንዳንዱን ንግግር ከሁለቱ በአንዱ ለመመደብ ተነሣሁ።

ሠንጠረዡን ያፈረሱብኝ የ2011 ዝግጅቶች ናቸው። በዚያ ዓመት ኮልበርት ለምርጫ ቅስቀሳ ያለ ጣሪያ ገንዘብ መሰብሰብ የሚችል፣ «ሱፐር ፓክ» የሚባል ድርጅት ለማቋቋም የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንን ጠይቆ ተፈቀደለት። ጠበቃው ትሬቨር ፖተር የዚሁ ኮሚሽን የቀድሞ ሊቀ መንበር ነበር፤ የሚፈረሙት ቅጾችም ሆኑ በኋላ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የደረሰው መዋጮ እውነተኛ ነበሩ፤ ፈጠራው ገጸ ባሕርዩ ብቻ ነው። ጠበቃው የለጋሾችን ስም በሕጋዊ መንገድ መደበቅ እንዴት እንደሚቻል ረጋ ብሎ ሲያስረዳ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ ያሳቃቸው ግን ሕጉ ራሱ ነው። በየትኛው ዓምድ ላስገባው? ሁለቱንም ዓምዶች ሰርዤ፣ በምትካቸው ተመልካቹ ለመሳቅ አስቀድሞ ምን ማወቅ እንዳለበትና ከሳቀ በኋላ ምን ዕውቀት እንደሚጨምር መመዝገብ ጀመርሁ።

ሌላው ስሕተቴ ጊዜ ለመቆጠብ ስል ከንግግሩ የጽሑፍ ግልባጭ ብቻ ተነሥቼ መሥራቴ ነው። «ዘ ወርድ» በተባለው ክፍል ኮልበርት በኩራት ሲናገር፣ ከጎኑ በስክሪኑ ላይ የሚወጡ አጫጭር ቃላት ንግግሩን ያፈርሱበታል፤ ሰሙ በአፉ፣ ወርቁ በስክሪኑ ነው ማለት ይቻላል። ግልባጩ ወርቁን ጥሎት ስለነበር ሁሉንም እንደገና በምስል ማየት ግድ ሆነብኝ።

ይሁንና በምስል ማየቱም ትርጉሙን አይቆልፈውም። በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ወግ አጥባቂ ተመልካቾች ኮልበርት የሚቀልድ መስሎ የልቡን እንደሚናገር የማመን ዝንባሌ ነበራቸው፤ አስቂኝነቱ ላይ ግን ከለዘብተኞቹ (ከሊበራሎቹ) የተለየ አስተያየት አልነበራቸውም። ይህን ካነበብሁ በኋላ ወደ ረቂቄ ተመልሼ «ኮልበርት ሊል የፈለገው» ብዬ የጀመርኋቸውን ዓረፍተ ነገሮች እየለቀምሁ ሰረዝሁ፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ወደ ጥቂት ገጾች ወረደ።