ኦገስት ላይ እዚህ በረዶ የለም

ልጅ ሆኜ የማውቀው በረዶ ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበውን ነው። ሲያባራ ሮጠን ወጥተን በሳህን እንለቅመው ነበር። እጃችን ላይ ሳይቆይ ያልቃል። አሁን እንጀራዬ ሌላ ዓይነት በረዶ ነው፤ የባሕር በረዶ። ባሕሩ ራሱ የሚረጋው፣ ሰው የሚራመድበት፣ መርከብ አጣብቆ የሚይዘው በረዶ።

የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ነው። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ የማትወጣበት ከተማ። እዚህ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ካለፈው ዳታ ራሱ እንዲማር በማድረግ፣ የባሕር በረዶ ትንበያ እንሠራለን። ሥራችን ከዋናው ኖርዌይ በስተሰሜን ባሉት በስቫልባርድ ደሴቶች ዙሪያ በረዶው በሚቀጥሉት አሥር ቀናት የት እንደሚከፈት፣ የት እንደሚዘጋ ቀድሞ መናገር ነው። የማወራችሁ ነገር የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ላይ ነው።

ትንበያው ለምን እንደሚያስፈልግ ትንሽ ልበል። የበረዶው ጠርዝ ቋሚ አይደለም። ነፋስ ይገፋዋል፤ የባሕር ጅረት ይጎትተዋል። ዛሬ ክፍት የሆነ መተላለፊያ ነገ ሊዘጋ ይችላል። በዚያ ላይ ዘመኑ ተለውጧል። በሰሜን ዋልታ ሞቃቱ ወቅት፣ በጋው፣ አልቆ በረዶው በጣም የሚያንስበት ወር ሴፕቴምበር ነው። በ1979 ሴፕቴምበር ላይ በረዶው 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን ነበር። በ2012 ሴፕቴምበር ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። ከዚያ በታች የወረደበት ዓመት እስካሁን አልተመዘገበም። ስለዚህ አንድ የመርከብ ካፒቴን «አባቴ በዚህ ወር እዚህ ያልፍ ነበር» ብሎ መተማመን አይችልም። ይህ ሥራ የሰው ሕይወት አለበት። በዚህ ምክንያት ነው የምወደው።

ዳታው የሚመጣው ከሳተላይት ነው። ተራ ካሜራ እዚህ ብዙ አይረዳም፤ ግማሹን ዓመት ጨለማ ነው፣ ሌላውን ደግሞ ደመና። ማይክሮዌቭ የሚባለውን ጨረር ግን ጨለማም ደመናም አያግደውም። በረዶና ክፍት ውሃ የሚለቁት የማይክሮዌቭ ጨረር መጠን ይለያያል፤ በረዶው ደመቅ ብሎ ይታያል፣ ባሕሩ ደብዘዝ ይላል። ኒምበስ 7 የተባለችው ሳተላይት በ1978 መጨረሻ ከተላከች ጀምሮ በዚህ መንገድ የተሰበሰበ ከ40 ዓመት በላይ ዳታ አለ። ካርታው ፒክስል በሚባሉ 25 በ25 ኪሎ ሜትር በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው። በእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ ስንት በመቶው በረዶ እንደሆነ ተጽፏል።

ትንበያውን የሚሰጠውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሞዴሉን፣ በዚህ ዳታ አሠለጠንነው። ከዚያ ፈተንነው። ውጤቱ እጅግ አማረ። የአሥረኛው ቀን ትንበያ ከእውነተኛው ካርታ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያቅታል። ለሥራ ባልደረቦቼ ግራፉን ሳሳይ ሁሉም ደስ አላቸው። ለደንበኛው የምናስረክብበት ቀን ተቆረጠ። ደንበኛው ስቫልባርድ አካባቢ አነስተኛ መርከቦች ያሉት ድርጅት ነው።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዲት አንጋፋ ባለሙያ አሉ። እዚህ አገር ትልቅ ትንሹ «አንተ፣ አንቺ» ነው የሚባባለው። በአማርኛ ሳወራ ግን ዕድሜያቸውን አንቱ ከማለት ውጭ አልችልም። ብዙ ዓመት የበረዶ ካርታ ሲሥሉ የኖሩ ናቸው። እዚህ ከተማ ዛሬም ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ቁጭ ብሎ የራዳር ምስል እያየ የበረዶ ካርታ ይሠራል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልገረመኝም።

ካርታዎቹን በወረቀት አትምልኝ አሉኝ። ስክሪን ላይ ማየት አይወዱም። አሥራ ሁለት ወረቀት አትሜ ሰጠኋቸው፤ ከየወሩ አንድ አንድ። ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። እርሳሳቸውን ይዘው አንድ በአንድ አዩ። ብዙዎቹን ዝም ብለው አለፏቸው። የኦገስቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የስቫልባርድ ትልቋ ደሴት በሆነችው በስፒትስበርገን ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የብሱን ተከትሎ የሚወርድ አንድ ቀጭን ነጣ ያለ መስመር ነበር። በእርሳስ ከበቡት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው፤ ስስ ነው፣ ሃያ በመቶ ገደማ» አልኳቸው።

«ኦገስት ላይ እዚህ በረዶ የለም።»

ድምፃቸው ላይ ቁጣም ሆነ ኩራት አልነበረም። ዛሬ ሰኞ ነው እንደማለት ያህል ነው የተናገሩት። ምክንያቱን ነገሩኝ። ከአትላንቲክ የሚመጣ ሞቃት ጅረት በዚያ በምዕራቡ በኩል ሽቅብ ያልፋል። ፊዮርድ በሚባሉት፣ ወደ የብሱ ዘልቀው በሚገቡ ጠባብ የባሕር ወሽመጦች ውስጥ ከተራራ ግግር በረዶ የሚቆረሱ ቁርጥራጮች ይንሳፈፋሉ፤ ይህን መስመር የሚያህል የባሕር በረዶ ግን በበጋ አይኖርም።

የሳተላይቱን ጥሬ ዳታ ከፈትኩ። መስመሩ እዚያም አለ! እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ። «ሞዴሉ አልተሳሳተም፤ ሳተላይቱ ያየውን ነው የተነበየው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ታዲያ ሁለቱም ተሳስተዋላ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማይክሮዌቭ መሣሪያው መሬትን የሚያየው በትንንሽ ነጥብ አይደለም። አንድ ጊዜ ሲያይ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ስፋት ይይዛል። ባሕር ዳርቻ ላይ ሲሆን ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ የብስ ይሆንበታል። የብስ ደግሞ በማይክሮዌቭ ደማቅ ነው። ደማቅና ደብዛዛ ሲቀላቀሉ ልክ ስስ በረዶ ያለበት ባሕር ይመስላል። የዳታው አዘጋጆች ይህን ያውቃሉ፤ ማስተካከያ አድርገውበታል። ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ይህም ከዳታው ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል። እኔ መመሪያውን ያነበብኩት ፋይሉ እንዴት እንደሚከፈት እስከሚናገረው ገጽ ድረስ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ የራዳር ምስል ፈለግኩ። ሴንቲነል 1 የሚባሉት የአውሮፓ ራዳር ሳተላይቶች ሁለት ነበሩ፤ አንዷ በዲሴምበር 2021 ተበላሽታ ቆማ ነበር። ደግነቱ ያለፉት ዓመታት ምስሎች ተቀምጠዋል። ራዳሩ ከማይክሮዌቩ በብዙ እጥፍ አጥርቶ ያያል። የዚያን ቀን የዚያን ዳርቻ ምስል አወጣሁ። ክፍት ውሃ። እስከ የብሱ ጫፍ ድረስ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩን መዝጋት ይቻል ነበር። ዳርቻውን ሸፍኖ ማስረከብ። ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። የመልስ ወረቀቱ ራሱ ስህተት ያለበት ከሆነ፣ ሞዴሉ ደግሞ ያን ስህተት ጭምር እንዲህ አሳምሮ ከደገመው፣ እኔ የለካሁት ነገር ምንድን ነው?

ፈተናውን እንዴት እንዳወጣሁት ተመልሼ አየሁ። ዳታውን የከፈልኩት በዕጣ ነው። ከአምስት ቀን አንዱን ለፈተና አስቀምጬ የቀረውን ለሥልጠና ሰጥቻለሁ። መማሪያ መጻሕፍት ላይ የሚታየው የተለመደ አሠራር ነው። በረዶ ግን እንደ ሎተሪ ቁጥር ቀን በቀን አይቀያየርም። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን የሚጓዘው ከአንድ ፒክስል ያነሰ ነው። ጁን 15 ለፈተና ቢቀመጥም ጁን 14ን እና ጁን 16ን ሞዴሉ በሥልጠና ላይ አይቷቸዋል። የሁለቱን አማካይ ቢጽፍ እንኳ ያልፋል። አገር ቤት ፈተና ሾልኮ ወጣ እንደምንለው ነው፤ ጥያቄው ከነመልሱ ተማሪው እጅ ገብቷል። ሞዴላችን ያለፈው ኮርጆ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ምንም አይማርም። «ከአሥር ቀን በኋላ በረዶው ልክ እንደ ዛሬው ነው» ይላል፣ በቃ። በዚያው ፈተና ላይ አስቀመጥኩት። በቀዝቃዛዎቹ የክረምት ወራት ያገኘው ነጥብ ወራት ከፈጀው ሞዴላችን ብዙም አይርቅም ነበር። ሰሜናዊው ባሕር ክረምቱን ሙሉ በረዶ ነው፤ በረዶ ነው ያለ ሁሉ ነጥብ ያገኛል። ይህን ንጽጽር መጀመሪያ ቀን ማድረግ ነበረብኝ።

ማስረከቢያው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ በእርሳስ የተከበበውን ካርታና የአዲሱን ንጽጽር ግራፍ። ረጅም ጊዜ አየው።

«ደንበኛው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ እንንገራቸው።»

ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ። ከባድ ስልክ ነበር። ማስረከቢያው ተራዘመ፤ እነሱም ደስ እንዳላላቸው አልደበቁም።

ከዚያ እንደገና ጀመርን። ዳታውን በቀን ሳይሆን በዓመት ከፈልነው። ለፈተና የተመደበ ዓመት አንድም ቀኑ ለሥልጠና አይገባም። 2012ን ሆን ብለን ለፈተና አስቀረነው። በረዶው እንዲያ ያለ ቅጥ ባጣበት ዓመት የማይሠራ ሞዴል ለመጪዎቹ ዓመታት ምን ይረባል? ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን «እንደ ዛሬው» የሚለውን ነጥብ ማስቀመጥ ግዴታ አደረግን። በረዶው የሚቀልጥበትንና መልሶ የሚረጋበትን ወራት ለብቻ ለካን፤ መርከበኛ የሚጨነቀው በእነዚያ ወራት ነውና።

ያ የሚያምር ነጥብ ወደቀ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሞዴሉ «እንደ ዛሬው»ን ማሸነፍ አቃተው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ግን አሸነፈ። ብልጫው ትንሽ ነው፤ ግን ሐቀኛ ነው። በተለይ ነፋስ አቅጣጫ በሚቀይርበት ሳምንት ጠርዙ ወዴት እንደሚገፋ ሲይዝ ሳይ፣ ከመጀመሪያው ግራፍ ይልቅ ይኼኛው ነው ደስታ የሰጠኝ። እነዚያን ዓመታት አይቷቸው አያውቅማ።

የባሕር ዳርቻውን ፒክስሎች ደግሞ ግራጫ ቀባናቸው። በረዶም ውሃም አላልንም።

አዲሱን ካርታ ከላክን በኋላ ከደንበኛው ድርጅት አንድ ካፒቴን ደወለ። ግራጫው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። «እዚያ ቦታ ሳተላይቱ በረዶና የብስ ያምታታል፤ ስለዚህ ምንም አንልም። ለዚያ በእጅ የተሠራውን ካርታ ተመልከቱ» አልኩት።

«ስፋቱ ስንት ነው?»

«አንድ ፒክስል። 25 ኪሎ ሜትር።»

ዝም አለ። ከዚያ «እኛ እኮ መልሕቅ የምንጥለው፣ ሰው በጀልባ የምናወርደው እዚያ ግራጫው ውስጥ ነው» አለኝ።

ለካስ ሰዎቹ ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ቦታ እኛ ምንም የማናይበት ቦታ ኖሯል። ይህን ለአንጋፋዋ ባለሙያ ስነግራቸው ብዙ አላሉም። በሳምንቱ ሰኞ ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠረጴዛ አመጡ። የራዳር ምስሎቹን በወረቀት አተምኩ። እርሳሳቸውን አወጡና በዚያው ምዕራባዊ ዳርቻ ካለው ከኢስፊዮርደን ፊዮርድ መግቢያ ጀመርን። «ይሄ በረዶ ነው። ይሄ ነፋስ ያንቀጠቀጠው ውሃ ነው። ይሄ ደግሞ ሁለቱንም ይመስላል፤ ቆይ እስቲ የትናንቱን አምጣው።»